የቡርሀን ድርሻ

ደሞዝ ያችን ወሬውን ሲያወራ ያልሰማ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ ጆሮው አይሰማም። ኮምፒውተር በሚያስተምርበት ኮሌጅ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያዋ ክፍለ ጊዜ የምታልቀው በዚያችው ወሬ ነው። «እናንተ ጨዋታ ሲያምራችሁ ስልካችሁን ትነካላችሁ፤ እኛ ግን ከመጽሐፍ ላይ እያነበብን፣ ፊደል በፊደል በጣታችን ከጻፍነው በኋላ ነበር የምንጫወተው» ይላል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ደሞዝ በሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ፈረንጅ የፊዚክስ መምህር ነበር። ሰውዬው ከአገሩ ይዞት የመጣው ኮምፒውተር ከቁልፍ ሰሌዳው በቀር ሌላ አካል የለውም፤ በገመድ ከትምህርት ቤቱ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፣ በቃ። አብሮት የመጣ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ በውስጡ የጨዋታዎች ፕሮግራም መስመር 10፣ መስመር 20፣ መስመር 30 እያለ ገጽ ሙሉ ይወርዳል። መጫወት የፈለገ ያንን ሁሉ መጻፍ አለበት። የተጻፈውን ካሴት ላይ የሚያስቀምጠው ቴፕ ክሩን እየበላ ስላስቸገረ፣ ማሽኑ ሲጠፋ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። አንድ ጨዋታ በተጀመረበት ቀን ካላለቀ በማግስቱ እንደገና ከመስመር 10 ነው።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ጸሐፊው ደሞዝ ነበር። አንባቢው ቡርሀን፣ የዓሣ አስጋሪው የጋሽ አሕመድ ልጅ። ቡርሀን ልጅ ሆኖ ቁርኣን ቤት ስለተማረ አነባበቡ የተለየ ነው፤ ጣቱን ከቃሉ ሥር ሳያነሳ፣ ከወገቡ በላይ በቀስታ እየተወዛወዘ፣ አንዲት ነጥብ ሳይዘል ያወርደዋል። «ሁለት መቶ አርባ። ፕሪንት። ጥቅስ ክፈት። ኮከብ፣ ኮከብ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ኮከብ። ጥቅስ ዝጋ።» ከሚያነበው ግማሹ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ ደሞዝም አያውቅም። ግን አንዱ እያነበበ አንዱ እየጻፈ ሰዓቱ እንዴት እንደሚነጉድ ለማንም ማስረዳት አይቻልም። ደሞዝ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቤት ሠርቷል፤ እንደዚያ ሆኖ የዋለበት ቀን ግን ከዚያ ወዲህ የለም። ይህን ለሚስቱ አይነግራትም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

ወሬዋ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ታበቃለች፤ ረጅሙን የጀልባ ጨዋታ ጽፈው ጨርሰው፣ ጀልባዋ በከዋክብቱ መካከል መቅዘፍ ስትጀምር። ከዋክብቱ ድንጋይ መሆናቸው ነው። አንዳንዴ አንዱ ነገር ፈላጊ ተማሪ እጁን ያወጣና «ቡርሀን አሁን የት ነው?» ይላል። «ወታደር ሄደ» ይላል ደሞዝ፤ ከዚያ ዞር ብሎ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ይጠርጋል።

ባለፈው ክረምት ኢንተርኔት ጠፋ። አገሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ እንደ ድንጋይ ሲቀመጥ፣ የደሞዝ ልጅ ማህሌት ቀደም ብላ በአባቷ ላፕቶፕ ላይ የጫነችለት አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ያንን አሮጌ ማሽን ቁልጭ አድርጎ የሚያስመስል። ደሞዝ ከፈተው። ባዶው ገጽ ላይ ያቺ ትንሽ ምልክት ብልጭ ድርግም ስትል ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ከቁም ሣጥኑ ሥር አሮጌ ደብተሩን አውጥቶ ተቀመጠ።

ደብተሩ የተጻፈው እንዲህ ነው። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መጽሐፉንም ማሽኑንም ይዞ እንደሚሄድ ነገራቸው። ልጆቹ የጀልባውን ጨዋታ በእጃቸው ገልብጠው ለማስቀረት ተስማሙና ተካፈሉት፤ ከመስመር 10 እስከ 860 የደሞዝ ድርሻ፣ ከ870 እስከ መጨረሻው 1740 የቡርሀን ድርሻ። አንድ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ ሌላ ማሽን እናገኛለን ብለው ነው። በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ ማሽን ከየት እንደሚመጣ አላሰቡበትም።

ደሞዝ ሁለት ቀን በደስታ ጻፈ። ዓባይ ማዶ ያለው ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ከውጭ ባጃጁ እየጮኸ፣ እሱ «ጥቅስ ክፈት፣ ጥቅስ ዝጋ» እያለ ለራሱ እያነበበ ሲጽፍ ጎረቤት የለየለት መስሎት ነበር። መስመር 860 ላይ ሲደርስ ደብተሩ አለቀ። ጀልባዋ ብቅ አትልም፤ ጀልባዋን የሚያንቀሳቅሰው ሁሉ ያለው በሁለተኛው ግማሽ ውስጥ ነው።

ሚስቱ ሰገነት «ታዲያ ሂድና ጠይቃቸዋ» አለችው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ልጅ ስታወራ ኖረህ የወላጆቹን ደጅ አንድ ቀን ረግጠህ ታውቃለህ?»

«ሩቅ ነው» አለ።

«ባጃጅ የሚደርስበት አገር ሩቅ ሆነ?»

ደሞዝ የማይሄድበትን ምክንያት ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ወይም እሱ እንዲያ ይመስለው ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ግንቦት 1982። ፈረንጁ ማሽኑን በማግስቱ ሊያሽገው ነው። ያ ወቅት አፈሳው የበረታበት ወቅት ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የተባለን ሁሉ ከመንገድ እየለቀሙ መኪና ላይ ይጭኑ ነበር። የደሞዝ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱ ብዙም አይሰጋም። የቡርሀን ቤት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በዘጌ አቅጣጫ ካለች የሐይቅ ዳር መንደር ነው፤ በየብስ የሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ስለዚህ ጋሽ አሕመድ ጠዋት ዓሣቸውን ሸጠው ሲያበቁ፣ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት በደንገል ታንኳቸው ዳር ላይ ይጠብቁትና ልጃቸውን በውኃ ይዘውት ይመለሳሉ። ውኃ ላይ ጠባቂ የለም። ቡርሀን አንድም ቀን ከአሥራ አንድ አሳልፎ አያውቅም።

ሁለቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መስመር 1740ን ጻፉ። «ራን»፣ ማለትም ጀምር፣ ብለው አዘዙት። ጀልባዋ ብቅ አለችና ወዲያው ሰመጠች። እንደገና አዘዙት፤ እንደገና ሰመጠች። የሆነ ቦታ አንዲት ነገር ተሳስታለች፤ የት እንደሆነ ግን ማሽኑ አይናገርም።

ቡርሀን ተነሣ። «አባቴ ይጠብቀኛል።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ አንብብልኝ» አለው ደሞዝ። «አንድ ጊዜ። ነገ ማሽኑ የለም።»

ቡርሀን መስኮቱን አየ። ከዚያ ደሞዝን አየ። «ቶሎ በል እሺ» አለና ተቀምጦ ከመስመር 10 ጀመረ።

ስህተቱ የተገኘው መስመር 1310 ላይ ነው። 32 መጻፍ ሲገባው ደሞዝ 23 ብሎ ጽፎታል። የአንባቢው ጥፋት አልነበረም። ሲያርሙት ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ቁልፍ ሲነኩ ደግሞ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሄደች። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ልጆች ምን ያህል እንደጮኹ! ደሞዝ ተጫወተ፣ ቡርሀን ተጫወተ፣ ደግሞ ደሞዝ ተጫወተ። የአባቱን ታንኳ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀዝፈው ቡርሀን የቴሌቪዥኗን ጀልባ ሦስት ጊዜ ከድንጋይ ጋር አጋጫትና በሳቅ ወንበሩ ላይ ፍርስ አለ። ሲወጡ ጨልሟል። በር ላይ ተለያዩ። ደሞዝ ቤቱ ገብቶ እራቱን በላ፣ ተኛ፣ ጀልባዋን በሕልሙ አያት።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ አሕመድ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው እርጥብ እንደሆነ የደሞዝን ደጅ አንኳኩ። ልጃቸው አልገባም። ኬላው ላይ ተይዞ ሲጫን ያየ ሰው ተገኝቷል።

«ስንት ሰዓት ነው የተለያችሁ፣ ልጄ?» አሉት።

«በአሥራ አንድ» አለ ደሞዝ።

አስቦ አልነበረም የዋሸው፤ አፉ ቀደመው። ጋሽ አሕመድ ለረጅም ጊዜ አዩት። «በአሥራ አንድ?» «አዎ፣ በአሥራ አንድ ወጣ።» ሌላ ምንም ሳይጠይቁት ሄዱ። ከሁለት ቀን በኋላ እናቲቱ ዘሊካ ራሳቸው መጡና ያንኑ ጠየቁት፤ ለእሳቸውም ያንኑ መለሰላቸው። በዚህ ጊዜ አስቦበት ነው የዋሸው። ቡርሀን ከማሰልጠኛ አንድ ጊዜ ሰላምታ ላከ ተባለ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሁሉ እየተበተነ አገሩ ሲገባ ግን ቡርሀን አልገባም።

እንግዲህ ሰገነት ሂድ ያለችው ወደዚህ ቤት ነው። መቼም ሰው ሲባል ጉደኛ ፍጥረት ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ንስሐ ያልጎተተውን ሰው የጎደለ ግማሽ ደብተር ጎተተው። ደሞዝ አንድ እሑድ ጠዋት ሁለት ኪሎ ስኳርና ሳሙና ገዝቶ ባጃጅ ተኮናተረ። ልቡ ይመታ ነበር፤ ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ ግን፣ ምን ይደረግ፣ የመስመር 870 ጉጉት ነው።

በሩን የከፈተችለት ሂክማ ናት፣ የቡርሀን እኅት። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ በቤቱ ደጃፍ ትንሽ ሱቅ ያላት፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ሆናለች። ስሙን ሲነግራት ደንግጣ ቆመች። ከዚያ «ይግቡ፣ ጋሽ ደሞዝ» ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

እማማ ዘሊካ ምንጣፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ተጠግተዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ማን እንደመጣ ሲነገራቸው እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉትና የደሞዝን እጅ ያዙ፤ አልለቀቁትም።

«የቡርሀኔ ጓደኛ! አላህ ይስጥህ። እንኳን ሳልሞት መጣህ» አሉ። «አንተን እኮ በዱዓ ሳላነሣህ የዋልሁበት ቀን የለም። ያኔ እውነቱን የነገርኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ደሞዝ «እኔ?» አለ።

«አንተ እንጂ! ልጄ በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣ ብለህ ነገርኸኝ። እሱ ደግሞ፣ አሕመድ፣ እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ ጠብቄው አልመጣም ብሎ ማለልኝ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ውኃው ስንት እርምጃ ነው? ልጁ በአሥራ አንድ ወጥቶ ከሆነ አባቱ እዚያ አልነበረም ማለት ነው። ነፋስ ሲነሣ ታንኳውን ይዞ የመሄድ ጠባይ ነበረበት፤ እኔንም አንድ ጊዜ ከገበያ ትቶኝ ሄዶ ያውቃል። ልጄን ትቶት ሄደ። ልጄ ውኃ ዳር አባቱን ሲያጣ ጊዜ በኬላው ገባ።»

«እማማ…»

«ከዚያች ቀን ወዲህ አላናገርሁትም። እህሉን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ቃል ግን አልተነፍስለትም። ሃያ ሁለት ዓመት። ይቺ ሂክማ ናት በመካከላችን የተመላለሰች፤ ለአባትሽ እራቱ ቀርቧል በይው፣ አባትሽ ስኳር ይግዛ በይው እያልሁ። ሊሞት ሲል፣ ወላሂ ጠብቄዋለሁ ዘሊካ፣ አፉ በይኝ አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። በዚያው ሞተ። አሥራ ሦስት ዓመቱ።» የደሞዝን እጅ መታ መታ አደረጉት። «እንዲህ መሆን ክፉ ነው፤ አውቀዋለሁ። ግን ዋሽቶኛል። ልጄን ያስበላ ሰው ቢያንስ አይዋሽም።»

ሂክማ በሩ ላይ ቆማ ደሞዝን ትመለከተዋለች። ደሞዝ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። በሕይወቱ ፈርቶ ያውቃል፣ አፍሮም ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ደረቱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አንድ ቃል ነው የተናገረው፣ በዚያ ማለዳ። አንዲት ቃል ሄዳ ይህን ሁሉ ቤት እንዲህ አድርጋዋለች።

ደብተሩን ለመጠየቅ አፉ አልተከፈተም። አሮጊቲቱ ግን ራሳቸው አነሡት። «ሂክማ፣ የወንድምሽን ደብተር አምጪለት። ከኔ በኋላ ለማን ይሆናል? ለአንተ ነው የሚገባው።» ከሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ወጣ። ደሞዝ ገለጠው። የቡርሀን ጽሕፈት፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት፤ መስመር 870። እና ይህን ስጽፍ እኔም አፍርለታለሁ፤ ያ ሁሉ ከተነገረው በኋላ እንኳ የደሞዝ ጣቶች ጉልበቱ ላይ መስመር 870ን መምታት ጀምረው ነበር።

እንዴት እንደተነሣ አያውቀውም። አሮጊቷ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ጋሽ አሕመድ ሞተዋል፣ ቡርሀንም ሞቷል፤ አሁን እውነቱ ለማን ምን ይጨምራል ብሎ አሰበ። የሚያስፈልገውን ምክንያት ሁሉ አገኘ። የእማማ ዘሊካን ጉልበት ሳመ፣ ተመርቆ ወጣ።

ሂክማ እስከ ባጃጁ ሸኘችው። ባጃጁ አጠገብ ሲደርሱ «ጋሽ ደሞዝ» አለችው፣ «እውነት በአሥራ አንድ ነው የወጣው?»

ደሞዝ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ አባቴ አንድ ቀን እጄን ይዞኝ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ሄደ። ስለቡርሀን ሊጠይቅዎት ነበር። እርስዎ ከልጆች ጋር ቆመው ነበር። ከሩቅ አየዎትና ተመለሰ። ለምን እንደተመለስን ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለዎት? ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው፣ በሰው ፊት ብጠይቀው ቡርሀንን ያስያዘው እሱ ነው ብሎ ሕዝብ ቂም ይይዝበታል አለኝ። ያውቅ ነበር። ሲጠብቅ ያመሸ ሰው እንዴት አያውቅም? ለእናቴ ስነግራት የአባትሽ ወገን ነሽ ብላ ሰደበችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ እንደ ግንድ ተቀምጦ ኖረ፣ ጋሽ ደሞዝ። ስምዎን ግን አንድ ቀን አላነሣም።»

የባጃጁ ልጅ «እንሂድ ወይ፣ ጋሼ?» አለ። ደሞዝ አልሰማውም። ወደ እማማ ዘሊካ ቤት ተመለሰ፤ ጫማውን አውልቆ ገባና አሮጊቷ ፊት ተንበረከከ።

«እማማ ዘሊካ፣ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «በአሥራ አንድ አልወጣም። ተነሥቶ ነበር፣ አባቴ ይጠብቀኛል ብሎ። እኔ ነኝ ቆይ ያልሁት። ስንወጣ ጨልሞ ነበር። ጋሽ አሕመድ ጠብቀውታል።»

እማማ ዘሊካ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። እጃቸው ምንጣፉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል።

«ምን ስትሠሩ ነበር ያመሻችሁት?» አሉ።

«ጨዋታ።»

«ጨዋታ» አሉ።

«አዎ። በቴሌቪዥን የሚታይ… ጀልባ ነበረች።» ደሞዝ ሌላም ሊያስረዳ ፈለገ። ማሽኑ በማግስቱ እንደሚሄድ፣ ስህተቱን እንዴት እንደፈለጉት፣ ቡርሀን እንዴት እንደሳቀ። ለተማሪዎቹ ሺህ ጊዜ ያወራው ወሬ ነው፤ እዚህ ግን አንድም ቃሉ ከአፉ አልወጣ አለው።

«እስከ መግሪብ ጠብቋል ማለት ነው» አሉ አሮጊቷ።

«ጠብቀዋል።»

ደሞዝ እርግማኑን እየጠበቀ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ቢመቱት ይሻለው ነበር። እማማ ዘሊካ ግን እሱ ቤቱ ውስጥ እንዳለም የረሱት መሰሉ። ግድግዳውን በእጃቸው ዳብሰው በአንድ ጉልበታቸው ቆሙ፤ ሂክማ ሮጣ ደገፈቻቸው።

«ሂክማ።»

«አቤት እማ።»

«አባትሽን የት ነው የቀበሩት?»

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቀው አያውቁም። ሂክማ የእናቷን ጫማ ልትፈልግ ጎንበስ አለች።